መቋሚያው ዝም ያለባት ጥያቄ

በገዛ ቤታችን በር ላይ ቆሜ እያንኳኳሁ «መግባት ይቻላል?» ስል የሰሙ ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ የመሰላቸው ከቤት የተባረርኩ ነው። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለው ሰፈራችን ጠባብ ነው፤ የአንዱ ቤት ነገር ሌላው ቤት ሳይሰማ አይውልም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤታችን አላስችላት ብሎ፣ «ምነው ልጄ፣ አንከፍትም አሉሽ እንዴ?» አለችኝ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ እየተለማመድኩ ነው ስላት፣ «በር ማንኳኳትም ልምምድ አለው?» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። አለው። እኔም ያወቅሁት ሁለት ጊዜ ከወደቅሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጠዳ ላይ ነበር። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ጀርባ ተደርድረው «እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪን» አሉኝ። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት ሰው ስለ ራሱ አያወራም፤ ስለ ራሱ የሚያወራ እንግዳ ከመጣ አባቴ ጸሎት ትዝ እንዳላቸው ሰው ተነሥተው ይወጡ ነበር። አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ «ኧረ ስለ እኔ ምን ይነገራል፤ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ አሉ» አልኳቸው። ትሕትናዬን ያደንቁልኛል ብዬ ነበር። አንደኛው ሰውዬ በጨዋ ደንብ፣ «እንግዲያው ሥራውን ለእነሱ እንስጣቸዋ» አለኝ። ሰጧቸውም።

ሁለተኛው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ስለ ራሴ ትንሽ ትንሽ መናገር ጀምሬ ነበርና ደኅና ተጓዝኩ። ከዚያ አንዲት ሴት ወረቀቴን አገላብጣ፣ «ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» አለች።

«አባቴን ሳስታምም።»

«ውይ። አሁን ዳኑ?»

«አልዳኑም።»

«ታዲያ ብትቀጠሪ ማን ሊያስታምማቸው ነው?»

ጥያቄዋ ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ከእናቴ ማሕፀን ጀምሮ ቁጣ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ። «እሱ የእናንተ ጉዳይ አይደለም» ብዬ ተነሣሁ። ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ ረስቼ ስለነበር ተመልሼ ገብቼ መውሰድ ነበረብኝ። ከመውደቁ ይልቅ ያ መመለስ አሳፈረኝ።

እውነቱ ግን ያው ነበር። በማኔጅመንት በተመረቅሁበት ወር አባቴ ማኅሌት ላይ ቆመው ሳለ ወደቁ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን። ግራ ጎናቸው ከዚያ በኋላ አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸውም ተሳሰረ። እናቴ ወገቧን ስለሚያማት ቀና ልታደርጋቸው አትችልም፤ ሌላ ልጅም የላቸውም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴን ያገላበጥኩት፣ ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ማታ ከአልጋቸው ሥር ፍራሽ ዘርግቼ እተኛ ነበር። አልቆጭም። ደግሜ እላለሁ፣ በዚህ አልቆጭም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው።

ባንክ የምትሠራ አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ከሁለተኛው ውድቀቴ በኋላ ቤት መጥታ፣ «አንቺ እኮ እውቀት ሳይሆን ልምምድ ነው የጎደለሽ» አለችና ራሷን ጠያቂ አድርጋ ሾመች። ከሥራ ስትወጣ መታወቂያዋን ከአንገቷ ሳታወልቅ ትመጣለች። አባቴ ተማሪዎቻቸውን ያስተምሩበት የነበረው ወንበር ላይ ጉብ ብላ፣ ድምጿን ወፈር አድርጋ፣ ከስልኳ የጻፈችውን ጥያቄ ታነባለች። የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ብቻ ነበር። «ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?» ስትለኝ «አንቺን መታገሤ» እላታለሁ፤ ሁለታችንም በሳቅ እንፈርሳለን። እናቴም በጓዳው መጋረጃ አጠገብ ሆና ጥጧን እየፈተለች ከእኛ ጋር ትስቃለች።

በዚህ መሐል ከጓዳ «ቋ» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው በቀኝ እጃቸው መቋሚያቸውን ይዘው የሲሚንቶውን ወለል መትተዋል። ያን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ሲያስተምሩ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የተኙ ይመስላል። ተማሪው አንዲት ነጠላ ቦታ ላይ ሲስት መቋሚያው አንድ ጊዜ ይመታል፤ ተመለስ ማለት ነው። የት እንደሳተ አይነግሩትም። ራሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ እያዜመ ስሕተቱን ይፈልጋታል። ሁለት ጊዜ ከመቱ ደግሞ እለፍ ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከእሳቸው ሰምቶ የሚያውቅ ተማሪ የለም።

ተነሥቼ ገባሁ። አፋቸውን ለማላወስ ብዙ ታገሉና፣ «ከ...ደጅ...ጀምሪ» አሉኝ።

በሩን ማንኳኳት የጀመርኩት እንዲህ ነው። አባቴ ልምምዱን ከጓደኛዬ እጅ ወሰዱት። የቃለ መጠይቁን ቀን ልብስ ለብሼ እወጣለሁ፣ አንኳኳለሁ፣ እገባለሁ፣ ተቀመጪ እስክባል ቆሜ እጠብቃለሁ። ድምፄ ካነሰ ቋ። ጥያቄውን ሰምቼ ሳልጨርስ ከመለስኩ ቋ። መልሱን በቃሌ ሸምድጄ ከወረድኩትም ቋ፤ ይህ አስገረመኝ፣ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃል ያስጠኑ ሰው ናቸውና። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሰሞን በያንዳንዱ ምት ትደነግጥ ነበር። ኋላ ኋላ እሷም መጋረጃውን እያየች መጠየቅ ጀመረች።

ስለ ራሴ ስናገር አሁንም አንገቴን እደፋ ነበር። አንድ ቀን አምስት ጊዜ ከመለሱኝ በኋላ ጠሩኝ። ያን ያህል ረጅም ነገር ከታመሙ ወዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ከንፈራቸውን እየጠረግሁላቸው ነው የጨረሱት። «ትሕትና...ደጀ ሰላም ላይ ነው። ማኅሌት ገብቶ...ድምፅን መሠወር...ስንፍና ነው።» ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ ተናገርኩ። ሁለት ጊዜ መቱልኝ። ጓደኛዬ ወንበሩ ላይ ሆና አጨበጨበች።

ዛሬ እንዴት ልለማመድ የሚለኝ ሰው ሲመጣ የምነግረው ይህንኑ ነው። ወዳጅህ ብቻ አይጠይቅህ፤ ወዳጅ ይራራል። ፊትህን የማያይ፣ ድምፅህን ብቻ የሚሰማ ሰው ፈልግ። ስሕተትህን አይንገርህ፣ መልሶ ያስጀምርህ። ይህን ስናገር ብልህ እመስላለሁ። የተማርኩበትን ቤት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የቀረችው ያች የሁለት ዓመት ጥያቄ ነበረች። ጓደኛዬ ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ። «አባቴን ሳስታምም የምትይውን ተዪው። ያዝኑልሻል እንጂ አይቀጥሩሽም። ሰው የሚሰማው ነገ ከሥራ ትቀራለች የሚለውን ነው።» አጎቷ ፒያሳ ላይ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለው። እዚያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ እንድል፣ አጎቷም ቢጠየቅ አዎ እንዲል ተነጋግራ ጨርሳ መጥታለች። ውሸት ነው ስላት፣ «ሁለት ቅዳሜ አግዘሽው የለ እንዴ? ቅዳሜዎቹን ትንሽ ማብዛት ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ። «ከተመረቅሽ ጀምሮ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ውኃ ልትሰጣቸው መሰለኝ።

«በአንድ የግል የጽሕፈት ቤት ውስጥ ሰነድ በማደራጀትና ደንበኛ በማስተናገድ ሠርቻለሁ» አልኩ።

ጠበቅሁ። አንዲት የላላች ቃል የማያልፉ ሰው ይህን እንዴት ያልፉታል? አንድ ምት ይመጣል፣ እኔም እመለሳለሁ፣ ጓደኛዬም ተሸንፋ ሌላ መልስ እንፈልጋለን ብዬ ነበር። እንዲያውም ያን ምት ናፍቄው ነበር። ምንም አልመጣም። ጓደኛዬ «ጎበዝ!» አለችና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች። እናቴም ወጥታ እንዝርቷን አነሣች።

በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ለሌላው ሁሉ መቋሚያው ይመታል፣ ለዚያች ጥያቄ ዝም ነው። እናቴም በዚያች ጥያቄ ላይ ሁልጊዜ ተነሥታ ትገባለች፤ ስዋሽ መስማት አስጠልቷት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን እልህ ያዘኝና ውሸቱን ሆን ብዬ አበዛሁት። «ቤተሰቤ ሁሉም ጤነኛና ራሱን የቻለ በመሆኑ ሙሉ ጊዜዬን ለሥራው ሰጥቼ ነበር» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ፊቴን ወደ መጋረጃው አዙሬ። ጓደኛዬ ራሷ ከስልኳ ቀና አለች። ጓዳው ግን ጸጥ እንዳለ ቀረ።

ጓደኛዬ ስትሄድ ገብቼ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ያችን መልስ ስመልስ ምነው ዝም ይላሉ?»

ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ሸጋ ነው» አሉኝ። «ቀጥይ።»

ተቀየምኳቸው። ሁለት ዓመት አጥንቴ እስኪያልቅ ያገላበጥኳቸው ሰውዬ፣ ያ ሁሉ ድካሜ ሲካድ እየሰሙ ሸጋ ነው ይላሉ! ያን ቀን እራታቸውን ሳጎርሳቸው አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ማንኪያውን ቸኮል ቸኮል አደረግሁት። እሳቸውም የሰጠኋቸውን እየዋጡ ጨረሱ፤ አንድ ጊዜ ትን ሲላቸው እንኳ እጄን አልያዙኝም። ያ እራት አሁንም አልተፈጨልኝም።

ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ አይከል ነበር። በጠዋት በመኪና ሄድኩ። አንኳኳሁ፣ ገባሁ፣ ተቀመጪ እስክባል ቆምኩ። ስለ ራሴ ቀና ብዬ ተናገርኩ። ከጠያቂዎቹ መሐል ሽበት የጣለባቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ኋላ ኃላፊዬ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ያችን ጥያቄ የጠየቁኝም እሳቸው ናቸው። ፊታቸውን ሳየው እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ከአፌ የወጣው የተለማመድኩት ሆነ። ሰው ቀን በቀን ሲለው የከረመውን ነገር ምላሱ ሳያስፈቅደው ይለዋል። ስጨርስ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርገው አስቀመጡት። ተመለሺ የተባልኩ መስሎኝ መልሱን እንደገና ልጀምር ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት ሊያገላብጡ ነው ያስቀመጡት።

አለፍኩ። ዜናውን ለአባቴ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው። «ያችን...ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እንደተለማመድኩት።»

መቋሚያውን አነሡና ወለሉን ሁለት ጊዜ መቱት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደክሟቸው ነው ብዬ ብርድ ልብሱን አስተካከልኩላቸውና ለእናቴ ልነግር ወጣሁ።

አይከል ቤት ተከራየሁ። እኔ በሌለሁበት ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንዱ፣ ዛሬ ራሱ የልጆች አባት የሆነ ቄስ፣ ጠዋትና ማታ እየመጣ ያገላብጣቸው ነበር። እኔ ዓርብ ማታ እደርሳለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። በመጣሁ ቁጥር «ሥራው እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ ሸጋ ነው እላቸዋለሁ። እኔ ስለ ጤናቸው ጥያቄ ሳበዛባቸው ደግሞ መቋሚያውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉታል። እለፊ ነው። እየቀለሉ ሲሄዱ አይቻለሁ። ሳነሣቸው ክንዴ ያውቅ ነበር።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ባለፉት ዓመታት መንገድ መዘጋት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እየተባለ ይከረማል። ስልክም አብሮ ጠፋ። እኔ አይከል ሆኜ የማውቀው አንድ ዓርብ እንደቀረብኝ ብቻ ነበር። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ መጣሁ። ለአባቴ ብርቱካን ይዤ ነበር። ከሰፈራችን መግቢያ ላይ ድንኳኑን አየሁት። ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነበር።

ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልችልም። ብርቱካኑን ማን ከእጄ እንደወሰደው አላውቅም።

በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች መኪና ይዘው ለለቅሶ መጡ። ኃላፊዬም ከፊት ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከድንኳኑ አንድ ጥግ ተቀመጡ። እንግዳ ሲገባ ለቅሶው እንደገና ይነሣልና፣ ያች በር ማንኳኳቴን ሰምታ የሳቀችብኝ ጎረቤታችን ብድግ አለች። አንጀት በሚበላ ድምፅ እኔን እያየች ጀመረች፦

«ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ያደረች፣
ለስንብቱ ጊዜ መንገድ ላይ የቀረች።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ከዚያ አንዷ ተነሥታ ጎናቸውን ማገላበጤን፣ ሌላዋ አንድም ቀን ከቤት ወጥቼ አለማደሬን እየጠራች አለቀሰች። ሁለት ዓመት፣ ሁለት ዓመት እያሉ ደረታቸውን መቱ። የካድኩትን ነገር ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ መሰከረልኝ። እኔ ከእንባዬ መሐል ቀና ስል የኃላፊዬን ፊት አየሁ። አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ።

ሊሄዱ ሲነሡ ልሸኛቸው ወጣሁ። መኪናው ጋ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ የጽሕፈት ቤት ያልሽን...እነዚህ ሁለት ዓመታት ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ።» መቀጣት ካለብኝም ልቀጣ ብዬ ነው የመለስኩት።

«ምነው ልጄ? አባት ማስታመም ምን ነውር አለው? እኔ ራሴ እናቴን አራት ዓመት አስታምሜ ነው የቀበርኳት። ብትነግሪን ኖሮ እኮ...» ትከሻዬን ያዝ አደረጉና፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ነገር አንሥተውብኝ አያውቁም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ከእናቴ ጋር የአባቴን ዕቃ ለመለየት ጓዳ ገባን። ያ ቄስ ተማሪያቸው መቋሚያውን ለመታሰቢያ ለምኗት ነበርና በጨርቅ እየጠረገች ነበር። ኃላፊዬ ያሉኝን ነገርኳት። እውነቱን ብናገርም ያልፍልኝ እንደነበር፣ አባቴን በከንቱ እንደካድኳቸው፣ አንድም ሳይቀር። ከዚያ ንዴቴ ተመልሶ መጣና፣ «አባባስ ቢሆኑ ዝም ብለው ያሳለፉኝ ምን ሆነው ነው?» አልኳት።

«ዝም መቼ አሉ» አለች እናቴ።

መጥረጓን አቆመች። «ያች ጓደኛሽ ወደዚያች ጥያቄ ስትደርስ አባትሽ በዓይናቸው ነይ ይሉኛል። ስገባ መቋሚያውን ያስይዙኛል። አጥብቀሽ ያዥልኝ ይላሉ። እኔ በሁለት እጄ እይዘዋለሁ፣ እሳቸው በዚያች በደኅናይቱ እጃቸው ይጎትቱኛል። መልሱን ጨርሰሽ ሌላ እስክትጠየቂ ድረስ እንታገላለን። ያን ቀን ቤተሰቤ ሁሉ ጤነኛ ነው ያልሽ ዕለት ደግሞ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ተደፍቼበት ነው ያቆየሁት።»

«እሳቸው ራሳቸው እያስያዙሽ?»

«እሳቸው ራሳቸው።»

«ታዲያ ምነው አትነግሪኝም ነበር?»

«እንዳልናገር ገዝተውኝ ነዋ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ፍራሹ አሁንም የእሳቸውን ጎን ስርጉደት እንደያዘ ነበር። ያ የቸኮለ ማንኪያ፣ ያ ወደ ግድግዳው የዞረ ፊት አንድ ላይ መጡብኝና ለለቅሶ እንግዳ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። እናቴ እስኪወጣልኝ ጠበቀችኝ። ከዚያ መቋሚያውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ «እስኪ አሁን አንቺ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ ቢመቱት ኖሮ ትመለሽ ነበር?»

«እመለስ ነበር።»

«ሥራው ቢቀርብሽም?»

«ቢቀርብኝም።»

«ለዚያ እኮ ነው ያስያዙኝ» አለችና ጨርቁን አንሥታ መጥረጓን ቀጠለች።